ላሟ ሳትወድቅ

በቦረና ድርቅ ሲጠና የማለዳው የመጀመሪያ ሥራ ላም ማንሣት ነው። በረት ውስጥ ያደረች ከብት ሲነጋ በራሷ ጉልበት መቆም ያቅታታል። አንዱ ቀንዷን ይይዛል፣ ሌላው ጭራዋን፤ ሁለት ጎረምሶች ደግሞ ከግራና ከቀኝ ሆዷ ሥር ገብተው ብድግ ያደርጓታል። አንዳንዷ እግሯ እየተብረከረከ ትቆምና ጥቂት ቆይታ መራመድ ትጀምራለች። አንዳንዷ ገና ሲለቋት ተመልሳ ትዘረጋለች። እማወራዋ ከጎጆው ክዳን የነቀለችውን አሮጌ ሣር አምጥታ አፏ ሥር ትበትንላታለች። ቤት የተከደነበት ሣር ወርዶ መኖ ከሆነ፣ ነገሩ የት እንደደረሰ ለመጠየቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

አባወራው በዚህ ሰዓት የሚያወጣው የሚያወርደው ብዙ ነው። ያቤሎ አቅራቢያ ወዳለው ሀሮ ባኬ ገበያ ቢነዳት መንገድ ላይ ትቀርበታለች። በመኪና አስጭኖ ቢያደርሳትም የጭነቱ ዋጋ የእሷን ዋጋ ይበላዋል። ከሦስት ወር በፊት ቢሸጣት ደህና ገንዘብ ታወጣ ነበር፤ ግን ያኔ ዝናቡ በሰዓቱ ይመጣል ብሎ ጠበቀ። ደግሞስ የምትታለብ ላም፣ ያውም ያረገዘች፣ ማን ይሸጣል? እንዲያ ያለችውን ላም የሚሸጥ ሰው የነገውን ወተት፣ የከርሞውን ጥጃና የልጁን ጥሎሽ አብሮ መሸጡ ነው።

ድርቅ ሁለት ዋጋ በአንድ ጊዜ ያዛባል። ሁሉም ሰው ከብቱን ይዞ ወደ ገበያ ሲወጣ የከብት ዋጋ ይወርዳል፤ ወተት የነጠፈበት ቤት ሁሉ በቆሎ መግዛት ሲጀምር የእህል ዋጋ ይወጣል። በደህናው ጊዜ አንድ ወይፈን ለቤተሰብ የወራት ቀለብ ይገዛል። በክፉው ጊዜ ያው ወይፈን ጥቂት ኩንታል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አርብቶ አደሩ አንድ የሚሸጥበት ቦታ ሁለትና ሦስት ይሸጣል፣ መሸጡም ዋጋውን ይበልጥ ይጥለዋል። ከዚያ ወዲያ የሚገዛም አይገኝም።

መንግሥት ለአርብቶ አደር የሚያወጣው የአደጋ ጊዜ ገንዘብ መመዘን ያለበት በዚህ በረት ውስጥ ይመስለኛል። ሪፖርቶቹ ስንት ብር እንደተከፈለ፣ ስንት ኩንታል እንደተጓጓዘ፣ ስንት ሰው እንደተረዳ ይዘረዝራሉ። ገንዘቡ የደረሰው ላሟ ከመውደቋ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ግን ሠንጠረዡ ውስጥ ዓምድ የለውም።

አምስት ወቅት

ቦረና ዝናብ የሚጠብቀው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፦ ከመጋቢት እስከ ግንቦት በዋናው ዝናብ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ደግሞ ‘ሀገያ’ በሚሉት አጭር ዝናብ። ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ እነዚህ ወቅቶች በተከታታይ አምስት ጊዜ ከሸፉ። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በሶማሌ ክልል፣ በሰሜን ኬንያና በሶማሊያ ቢያንስ በ40 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አልታየም ነበር። በ2015 ዓ.ም መጋቢት ዝናብ ሲመለስ በኢትዮጵያ ብቻ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት አልቀው ነበር። የቦረና ዞን አስተዳደር በራሱ ዞን የሞቱትን ብቻ ከ3 ሚሊዮን በላይ አድርሷቸዋል።

በሁለተኛው ወቅት የሞተ ከብት ያን ያህል ብዙ አልነበረም። ደረቅ ከብቶቹ ‘ፎራ’ ሆነው ሩቅ ተነድተዋል፤ ‘ዋራ’ የሚባሉት የሚታለቡት ደግሞ ሰፈሩ አጠገብ ቀርተው ለጥጆች ተብሎ በታጠረው ‘ካሎ’ ተደጉመዋል። በሦስተኛው ወቅት ፎራ የሚነዳበት ቦታ ጠፋ። በአራተኛው ካሎውም ተላጨ። በአምስተኛው ከብት አልባ የሆኑ ቤተሰቦች ዱቡሉቅ ከተማ ዳር ሸራ ወጥረው ሰፈሩ። ጥፋቱ እየተቆጠረ፣ ደረጃ በደረጃ፣ ማንም ሊያየው በሚችል ፍጥነት ነው የመጣው። ጎርፍ ሌሊት ይመጣል፣ የመሬት መንቀጥቀጥ በሰከንድ ያልቃል። ድርቅ ግን ቀጠሮ ሰጥቶ የሚመጣ አደጋ ነው። የቦረና ሞራ ገላጮች ከፍየል አንጀት ላይ ያነቡታል፣ የአየር ትንበያ ባለሙያዎች ከውቅያኖስ ሙቀት ያነቡታል፤ ሁለቱም ከእርዳታው ቀድመው ያውቁታል።

እርዳታው መጥቷል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። በ2015 ዓ.ም የካቲት ገደማ የአገሬው ሰው ራሱ ተነሣ፣ ገንዘብ ተዋጣ፣ ድርቆሽ የጫኑ መኪኖች ከአዲስ አበባና ከሌላውም አካባቢ ወደ ያቤሎ ጎረፉ። ያን ጊዜ የነበረውን ርኅራኄ ያየ ሰው አይረሳውም። ግን ድርቆሽ ክፉ ጭነት ነው፤ መኪናውን ይሞላል እንጂ አይከብድም። ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ሲጓዝ የነዳጁ ወጪ ከሣሩ ጋር ይፎካከራል። አምስተኛው ወቅት ከከሸፈ በኋላ የደረሰ ድርቆሽ ደግሞ የሚበሉት ከብቶች ጥቂት ናቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ለምን ይዘገያል? የተለመደው አሠራር መልሱን ይሰጣል። ዝናቡ ከሽፎ ወቅቱ ሲያበቃ ከፌዴራልና ከክልል የተውጣጣ፣ የእርዳታ ድርጅቶችም ያሉበት የዳሰሳ ቡድን ወደ ወረዳዎች ይወርዳል፤ የበልጉ ዳሰሳ በሰኔ አካባቢ፣ የመኸሩ በኅዳር አካባቢ ይካሄዳል። የተረጂው ቁጥር ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ይወጣል፤ በየደረጃው ክርክር አለ። ከዚያ የጥሪ ሰነድ ይታተማል፣ ለጋሾች ይሰበሰባሉ፣ ቃል ይገባል፣ ቃሉ ገንዘብ እስኪሆን ይጠበቃል፣ ጨረታ ይወጣል። በእያንዳንዱ ደረጃ የተቀመጠው ሰው ሥራውን በአግባቡ ቢሠራ እንኳ ወራት ያልፋሉ። አሠራሩ የተቀረፀው ሰውን ከረሃብ ለማዳን ነው፤ ሰው ደግሞ ከላም ይልቅ ይጠብቃል። ላም ሞታ ሰው ከተረፈ ሰነዱ ላይ ተሳካ ይባላል። ከብት ያልቀረው ቤተሰብ ግን በሚቀጥለው ዓመት ዝናብ ቢጥልም ተረጂ ነው፤ ሣሩ ይበቅላል፣ የሚግጠው የለም።

ሞያሌ፣ 1998 ዓ.ም

በአገራችን ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ ይበልጥ ሊነገር ይገባው የነበረው፣ ግን ከባለሙያዎች ክበብ ብዙም ያልወጣው፣ በ1998 ዓ.ም ድርቅ ሞያሌ ወረዳ የተሠራው ነው። ሴቭ ዘ ችልድረን የተባለው ድርጅት የአሜሪካ ቅርንጫፍ ከመንግሥት የእንስሳት ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ያደረገው ነገር ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፦ የቁም እንስሳት ላኪ ነጋዴዎችን ወደ ድርቁ ቦታ ወሰዳቸው፤ ከአርብቶ አደሮቹ ጋር አገናኛቸው፤ ለሁለት ነጋዴዎችም ለመነሻ የሚሆን ብድር ሰጠ። ከብቶቹ ከስተዋል፤ ግን ገና ይቆማሉ። ነጋዴዎቹ ገዝተው ወደ መሐል አገር ማደለቢያዎች ወሰዷቸው።

የተገዛው ከብት 20,000 ገደማ ነበር፤ ዋጋውም ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ። ከ5,400 የማያንሱ አባወራዎች ሸጡ፤ ለእያንዳንዱ በአማካይ 186 ዶላር፣ በጊዜው ምንዛሪ 1,600 ብር አካባቢ፣ ደረሰ። ይህ ገንዘብ ከውጭ የተሰጠ ምጽዋት አልነበረም፤ ነጋዴ ለሸቀጥ የከፈለው ነው። በኋላ የተደረገው ጥናት ጥቅሙ ከወጪው 41 እጥፍ እንደሆነ አሰላ። ይህን ቁጥር ያየ ሁሉ ይጠራጠራል፣ እኔም ጭምር፤ ግን ምክንያቱ ግልጽ ነው። የእርዳታው ወጪ ጥቂት ነበር፣ ዋናውን ገንዘብ ያወጣው ገበያው ነው፣ የተሸጠውም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከንቱ ሊሆን የነበረ ሀብት ነው።

ሰዎቹ በገንዘቡ ያደረጉት ደግሞ ከቁጥሩ ይበልጥ ይነግረናል። እህል ገዙ። ለቀሩት ከብቶች መኖ ገዙ፣ መድኃኒት ገዙ፤ አንዳንዱም ዋናዎቹን ከብቶች መኪና ላይ ጭኖ ሣር ወዳለበት ቦታ አስወሰደ። ከመንጋው ግማሹን ሸጦ ግማሹን ማዳን ማለት ይኸው ነው። ፉርሽካና ፋጉሎ ከመሐል አገር አምጥቶ ለሁሉም ከብት በነፃ ማደል አይቻልም። ለመራቢያ ለተመረጡ አምስት ላሞች ግን አባወራው ራሱ መግዛት ይችላል፣ በእጁ ብር ካለ።

ይህ መንገድ የራሱ ጠባብ በር አለው። መኪና የሚደርስበት ቦታ ይፈልጋል፤ ሞያሌ አስፋልት ላይ ነች፣ ከአስፋልት ሁለት ቀን የእግር መንገድ ያለች መንደር ግን ነጋዴ አታይም። የውጭ ገበያው ክፍት መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ ጊዜው ነው፦ ነጋዴ የሚገዛው የሚደልብ ከብት ነው፤ የምትነሣ የምትወድቅ ላም አይገዛም። ያ ጊዜ ካለፈ የሚቀረው ሌላው ዓይነት ግዢ ነው፤ ድርጅት ወይም መንግሥት በቁርጥ ዋጋ ይገዛና እዚያው ታርዶ ሥጋው ለተቸገሩት ይታደላል። እሱም ከምንም ይሻላል፤ ወጪው ግን ሙሉ በሙሉ የእርዳታ ነው። ከሞያሌ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ የግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር በአርብቶ አደር አካባቢ ለሚደረግ የእንስሳት እርዳታ ብሔራዊ መመሪያ አወጣ፤ የትኛው እርዳታ በየትኛው የድርቅ ደረጃ እንደሚሻል በዝርዝር ያስቀምጣል። መመሪያው ጥሩ ነው። የማይነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ደረጃው ደርሷል ብሎ የሚፈርመው ማን እንደሆነ።

ስማችን የለም

የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም ሲጀመር የታሰበው በየዓመቱ የሚራበውን የደጋ ገበሬ ከድንገተኛ ልመና ማላቀቅ ነበር። በዓመት ለስድስት ወር ያህል ሥራ መሥራት የሚችለው በጉልበቱ ሠርቶ፣ አቅመ ደካማው በቀጥታ ድጋፍ፣ ገንዘብ ወይም እህል ያገኛል። 5 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይዞ ተነሥቶ ወደ 8 ሚሊዮን አደገ፤ ወደ አርብቶ አደሩ አካባቢ የገባው ዘግየት ብሎ ነው። ለከብት የሚከፍል ነገር ባይሆንም ከብት ያድናል፦ በቆሎ መግዣ ያለው ሰው ወይፈኑን በጨነቀው ሰዓት አውጥቶ አይሸጥም።

ቆላ ላይ ሲደርስ ግን ፕሮግራሙ የማያውቀው ኑሮ ጠበቀው። ቀበሌው ውስጥ የሚኖረው ሰው ማን ነው? ፎራ ይዞ የሄደው ልጅ ይቆጠራል? ድሃስ ማን ነው? ሃምሳ ከብት የነበረው ሰው መጋቢት ላይ ሀብታም፣ ጥቅምት ላይ ባዶ እጁን ይሆናል፤ መዝገቡ የተሞላው ግን በመጋቢት ነው። በሶማሌና በአፋር አካባቢ ሽማግሌዎች የመጣውን እርዳታ ለተመዘገበውም ላልተመዘገበውም ሲያካፍሉት፣ ገምጋሚዎች ይህንን እንደ ጉድለት ይመዘግቡታል። እኔ እንደ ጉድለት አላየውም። ዛሬ የሰጠህን ሰው ነገ በተራህ የምትሰጥበት አገር ውስጥ፣ ከጎረቤት ተለይቶ ብቻውን የሚበላ ሰው ከእርዳታው የሚበልጥ ነገር ያጣል። የሆነ ሆኖ ለአንድ ቤተሰብ የተሠፈረው ለሦስት ሲከፋፈል ከብት ከመሸጥ የሚያድን መጠኑን ያጣል።

ድርቅ ሲመጣ በፕሮግራሙ ላይ ሰው መጨመር እንደሚቻል ሰነዱ ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ በችግር መሃል አዲስ ስም መመዝገብ የራሱን ወራት ይወስዳል። ከሞያሌ አስፋልት ማዶ ያለችው አገር ይህን ነው ገልብጣ የሠራችው።

ከድንበሩ ማዶ

ሞያሌ ግማሿ ኢትዮጵያ ግማሿ ኬንያ ናት፤ ቦረናውም ገብራውም በሁለቱም በኩል ይኖራል። ኬንያ በሰሜን ግዛቶቿ በቱርካና፣ በማርሳቢት፣ በዋጂርና በማንዴራ የረሃብ ሴፍቲኔቷን በሁለተኛው ምዕራፍ ስታሰፋ 100,000 አባወራዎችን መደበኛ ተከፋይ አደረገች። ልዩ የሚያደርጋት የቀሩትንም መመዝገቧ ነው። በአራቱ ግዛቶች ያለው ሕዝብ፣ ዛሬ የሚከፈለውም የማይከፈለውም፣ ዝናብ ባለበት ጊዜ ተመዘገበ፤ የባንክ ሒሳብም እንዲከፈትለት ተደረገ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሚወስነው ከሳተላይት የሚመጣ ቁጥር ነው። መሬቱ ምን ያህል ለምልሟል የሚለው በየወሩ ይለካል፣ ከቀደሙት ዓመታት ጋር ይነጻጸራል። ቁጥሩ ከባድ ድርቅ ከሚባለው መስመር ከወረደ ተከፋዩ በዚያ አካባቢ ወደ 25 ከመቶ አባወራዎች ይሰፋል፤ እጅግ ከባድ ከሚባለው ከወረደ ወደ 75 ከመቶ። ስብሰባ የለም፣ አዲስ ምዝገባ የለም፣ የጥሪ ሰነድ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ደንብ የተከፈለው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። የማይደርሰው አለ፣ ካርዱ የጠፋበት አለ፣ ወኪሉ ጥሬ ገንዘብ ያለቀበት ቀን አለ። ቢሆንም የተከፈለው ቀድሞ በተጻፈ ቁጥር ስለሆነ ማንም ባለሥልጣን ድርቅ መጣ ብሎ አፉን እስኪከፍት አልተጠበቀም። ድርቅ ማወጅ በየትኛውም አገር ፖለቲካ አለበት፤ ቁጥር ግን ምርጫ አይወዳደርም።

በዚያው ሳተላይት የሚሠራ ኢንሹራንስም አለ። ናይሮቢና አዲስ አበባ ላይ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ከአጋሮቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2010 በማርሳቢት ጀመረው፤ በ2004 ዓ.ም ክረምት ደግሞ በኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ በኩል ወደ ቦረና ተሻገረ። ተለምዷዊው መድን የሞተውን በሬ ሄዶ ያያል፤ በቦረና ስፋት ይህ የማይሞከር ነው። ስለዚህ ይህኛው ከብቱን ትቶ ሣሩን ያያል። አርብቶ አደሩ ለስንት ከብት ዋስትና እንደሚፈልግ ይመርጣል፣ አረቦን ይከፍላል። የወረዳው ልምላሜ ከተወሰነው በታች ከወረደ የእሱ ላም ትሙትም አትሙትም ክፍያ ያገኛል።

የመጀመሪያው ውል የሚከፍለው የወቅቱ ጥፋት ካለቀ በኋላ ነበር፤ ሐሳቡ የሞተውን መተካት ነው። ሰዎቹን ቀርበው ያነጋገሩና ስሌቱን የመረመሩ ተመራማሪዎች ግን በኋላ ውሉን አስተካከሉት፦ ሳተላይቱ የዝናቡ ወቅት ሳያልቅ ጥፋቱን ስለሚያይ፣ ክፍያው ወደ ፊት ተጎትቶ ረጅሙ ደረቅ ወራት ከመጀመሩ በፊት እንዲደርስ ተደረገ። ገንዘቡ መኖና ውኃ መግዣ፣ መድኃኒት መግዣ ሆነ። አንዲት ላም በሕይወት ማቆየት አዲስ ከመግዛት በብዙ እንደሚረክስ የቦረና እናት ለማወቅ ጥናት አያስፈልጋትም ነበር፤ ውሉ ግን ይህን ለመያዝ ዓመታት ወሰደበት።

አረቦኑን ማን ይክፈል የሚለው የሁሉም ቁልፍ ነው። የኬንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ በቱርካናና በዋጂር ሲጀምር ለተመረጡ አባወራዎች የአምስት ከብት ያህል አረቦን ሙሉውን ራሱ ከፈለ። ስሌቱ ላይ አንድ ግመል ከአንድ ላም ይበልጣል፣ አሥር ፍየል አንድ ላም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2017 የካቲት ድርቁ ሲመጣ በስድስት ግዛቶች ከ12,000 በላይ አባወራዎች 214 ሚሊዮን ሽልንግ ገደማ ተከፈላቸው። በእኛ በኩል የዓለም ምግብ ፕሮግራም በሶማሌ ክልል ተመሳሳይ ነገር ሞክሯል፤ በ2010 ዓ.ም 5,000 ገደማ አርብቶ አደሮችን ይዞ የተነሣ ሲሆን፣ አረቦኑ የሚከፈልላቸው በአካባቢ ልማት ሥራ በሚያዋጡት ጉልበት ነበር።

ሳተላይቱ የማያየው ነገር ግን አለ። ቦረና ላይ ከደርግ ዘመን ጀምሮ የሣር ቃጠሎ ስለተከለከለ ቁጥቋጦው ግጦሹን ወርሶታል። ከላይ ሲታይ ቁጥቋጦም አረንጓዴ ነው፤ ላም ግን አትበላውም። የጎረቤት ወረዳ ሲከፈለው የራሱ ያልተከፈለው ሰው ይህን በሰማይ ካሜራ ሊያስረዱት ሲሞክሩ ፊቱን ማየት ነው። አንዴ አረቦን ከፍሎ ከብቱ እየሞተ ክፍያ ያላገኘ ሰው ተመልሶ አይገዛም፤ ትክክልም ነው።

የሀብታሙ አገር ቀን

እንዲህ ያለው መዘግየት የድህነት ብቻ እንዳይመስለን አሜሪካን እንይ። እዚያ ክፍያው በሕግ የተጻፈ ነው። የእርሻ ሕጉ የሚመራበት፣ በየሳምንቱ ሐሙስ የሚወጣ የድርቅ ካርታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሕግ የአንድ አውራጃ ግጦሽ በግጦሽ ወቅት ለስምንት ተከታታይ ሳምንታት በከባድ ድርቅ ቀለም ከተሸፈነ የአንድ ወር የመኖ ድጎማ፣ የባሰው ቀለም ከደረሰ የሦስት ወርና ከዚያም በላይ ይከፍል ነበር። በአየር ጠባይ ለሞተ እንስሳም የገበያ ዋጋውን 75 ከመቶ የሚከፍል ሌላ ፕሮግራም አለ።

ታዲያ ይህ ሕግ ከመውጣቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ጥቅምት መጀመሪያ፣ በደቡብ ዳኮታ ምዕራብ ያልታሰበ የበረዶ ማዕበል ወረደ። ከብቶቹ ገና የክረምት ፀጉር አላበቀሉም፣ ከበጋ መስክም አልተመለሱም፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት አለቁ። የእንስሳት ካሳው ሕግ ከሁለት ዓመት በፊት ጊዜው አልፎበት፣ ኮንግረስ አዲሱን ማጽደቅ አቅቶት ነበር። ይባስ ብሎ ማዕበሉ በመጣ ሰሞን የፌዴራል መንግሥቱ በበጀት ክርክር ተዘግቷል። ከብት አርቢው የሞቱትን ፎቶ አንሥቶ፣ ቆጥሮ፣ ምስክር አስፈርሞ ያስቀምጥ ተባለ። ካሳው ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲከፍል የተፈቀደው በቀጣዩ ዓመት የካቲት ሕጉ ሲፈረም ነው። ገንዘብ ያለው መንግሥት እንኳ ቀኑን ቀድሞ ካልቆረጠ የሚደርሰው ከቀብር በኋላ ነው። ልዩነቱ የደቡብ ዳኮታው አርቢ ቢዘገይም የሞተበትን አስመዝግቦ የሚጠይቅበት ሕግ ማግኘቱ ነው፤ የቦረናው ያንን የሚጠይቅበት ቢሮ የለውም።

ቡሳ ጎኖፋ

ቦረና የራሱ አለው። ‘ቡሳ ጎኖፋ’ ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሳው መልሶ የሚያቋቁምበት ሥርዓት ነው። ችግረኛው በጎሳው ጉባኤ ላይ ጉዳዩን ያቀርባል። ሽማግሌዎች ይጠይቁታል፦ ከብቱን ያጠፋው ድርቅ ነው ወይስ ስንፍና? እረኝነቱ እንዴት ነው? አሳምኖ ከተነሣ ከዚህ አንድ ጊደር፣ ከዚያ አንድ ላም ይዋጣለታል። ‘ኤላ’ በሚሉት ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ላይ ተራ የሚያስከብረው ‘አባ ሄረጋ’ የማንን ከብት መቼ ማጠጣት እንዳለበት እንደሚያውቅ ሁሉ፣ ጎሳውም የማን በረት ባዶ እንደሆነ ያውቃል። ዳሰሳ ቡድን አይጠብቅም።

ሥርዓቱ አንድ ሰው ወይም አንድ ሰፈር ሲጎዳ ይሠራል። አምስት ወቅት ከከሸፈ በኋላ ግን ሰጪውም ተቀባይ ሆነ፤ ጉባኤው ላይ ጊደር ሊሰጥ የሚችል ሰው ሲጠፋ ሕጉ አለ ከብቱ የለም። የኦሮሚያ ክልል ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ቡሳ ጎኖፋን በስሙ መንግሥታዊ ተቋም አድርጎ ከመላው ክልል መዋጮ ይሰበስብበታል። ወለጋና አርሲ ያለ ሰው ለቦረና እንዲደርስ ማድረጉ፣ የጎሳው ክበብ ከድርቁ ክበብ እንዲሰፋ ማድረጉ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው። የሚያሳስበኝ ተቋሙ እንደቀደሙት መሥሪያ ቤቶች እህል መጋዘን ሆኖ እንዳይቀር ነው። የድሮው ቡሳ ጎኖፋ የሚሰጠው ከብት ነበር፤ ከብት የሚሰጥ ደግሞ ሣር እስኪበቅል ይጠብቃል፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በፊት መሠራት ያለበት ነው።

ከ2017 ዓ.ም ወዲህ ጥያቄው ይበልጥ ጠቧል። ለሴፍቲኔቱም ለአስቸኳይ እርዳታውም ትልቁን ድርሻ ከሚሰጡት አንዱ የነበረው የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ተዘግቷል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 ለኢትዮጵያ፣ ለኬንያ፣ ለጂቡቲና ለሶማሊያ አርብቶ አደሮች የጀመረው ፕሮጀክት የኢንሹራንሱን አረቦን በከፊል ይደጉማል፤ ፕሮጀክት ስለሆነ ግን ማብቂያ አለው። ከዚያ በኋላ የሚከፍለው የአገሪቱ ግምጃ ቤት ካልሆነ አርብቶ አደሩ ራሱ ነው። በቦረና ውሉ የሚሸጠው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ሁለት ሁለት ወራት ነው፦ አንደኛው በጥርና በየካቲት፣ ሁለተኛው በነሐሴና በመስከረም አካባቢ። ሁለቱም የደረቁ ጊዜ ጫፍ ናቸው፤ ወተት የነጠፈበት፣ ወይፈን ዋጋ ያጣበት፣ በቆሎ የተወደደበት ወቅት። ሻጩ ወኪል መንደር ሲደርስ አባወራው አረቦን ለመክፈል ፍየል መሸጥ አለበት፤ ሀሮ ባኬ ላይ ያን ቀን ፍየል የሚገዛ ነጋዴ ካለ።